ቻርጀር መሶብ ነው፣ አጉራሽ አይደለም፦ ለስልክ የሚሆን ቻርጀርና የአምፔር ልክ

እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ርእሳችን ሁላችንም ቤት ያለች ትንሽ ዕቃ ናት፤ ቻርጀር። ስለ እሷ የሚነሱት ጥያቄዎች ብዙም አይለያዩም። «ስልኬ ባለ 1 አምፔር ቻርጀር ይዞ ነው የመጣው፤ ባለ 3 አምፔር ብሰካበት ይቃጠላል?» «የሳምሰንግ ቻርጀር ለቴክኖ ይሆናል?» «ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼው አድሬ ጠዋት ግማሽ ብቻ ነው የያዘው፤ ባትሪው ሞቶ ይሆን?» ሦስቱንም ለመመለስ አስቀድመን አንድ ነገር ማንበብ ይኖርብናል።

ቻርጀራችሁን አውጡና ጀርባውን እዩት። ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ በስልካችሁ ካሜራ አጉሉት። ሁለት ዋና መስመሮች አሉ። ኢንፑት የሚለው ከግድግዳው የሚቀበለውን ይናገራል፤ በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ ይላል። አውትፑት የሚለው ለስልኩ የሚያቀብለውን ነው፤ ለምሳሌ 5 ቮልት፣ 2 አምፔር። ሁለቱን ስታባዙ ዋት ይወጣል፤ ይህ ባለ 10 ዋት ነው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ብዙ ጥንድ ተደርድሮ ታገኛላችሁ፦ 5 ቮልት 3 አምፔር፣ 9 ቮልት 2 አምፔር፣ 12 ቮልት 1.5 አምፔር። እንዲህ ያለው ቻርጀር ሦስቱንም በአንዴ አይሰጥም። ከስልኩ ጋር ተነጋግሮ አንዱን ይመርጣል፤ ከፍተኛው 18 ዋት ስለሆነም ባለ 18 ዋት ይባላል።

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንምጣ። ቮልቱን የሚያቀርበው ቻርጀሩ ነው፤ አምፔሩን የሚወስነው ግን ስልኩ ነው። አውትፑት ላይ የተጻፈው አምፔር «ይህን ያህል አስገባብሃለሁ» ማለት ሳይሆን «እስከዚህ ድረስ ብትጠይቀኝ እችላለሁ» ማለት ነው። ቻርጀር መሶብ ነው እንጂ አጉራሽ አይደለም። ትልቅ መሶብ ፊት ስለተቀመጠ ሆዱ የተጎዳ ሰው የለም፤ የሚያነሳው በልኩ ነው። ጉርሻ ግን ሌላ ነው፤ አፍ ሞልቶም ይጨመራል። እዚህ ላይ ጉርሻው ቮልት ነው። 5 ቮልት የሚጠብቅ ስልክ ሳይጠይቅ 12 ቮልት ቢመጣበት የመግቢያው መከላከያ ወይም የቻርጅ አይሲው፣ ማለትም ቻርጁን የምትቆጣጠረው ትንሽ ቺፕ፣ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ባለ 1 አምፔር ስልክ ላይ 5 ቮልት 3 አምፔር መሰካት ምንም አያመጣም። የሚያስፈራው ቮልቱን ሳይጠየቅ የሚቀይር ወይም በብልሽት ቮልቱ የሚዋዥቅ ቻርጀር ነው።

እንዲያውም ግድግዳው ላይ የምንሰካው ዕቃ በትክክለኛ ስሙ ቻርጀር አይደለም። የ220 ቮልቱን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ ትንሽና ቀጥተኛ ቮልት የሚያወርድ አዳፕተር ነው። ዋናው ቻርጀር ስልኩ ውስጥ፣ ቦርዱ ላይ ያለች አይሲ ናት። የባትሪውን ቮልትና ሙቀት እያየች ምን ያህል አምፔር እንደሚገባ የምትቆጣጠረው እሷ ናት።

ተቃራኒው ሁኔታስ? ትልቅ ስልክ ትንሽ ቻርጀር ላይ ሲሰካ? በደንብ የተሠራ ትንሽ ቻርጀር ከሆነ ስልኩ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ሌላ ጉዳት የለውም። ስልኩ አምፔሩን ቀስ በቀስ እየጨመረ የሚመጣውን ቮልት ይለካል፤ ቮልቱ ሲወርድበት «ይህ አቅም የለውም» ብሎ ይቀንሳል። ችግሩ ላዩ ላይ 2 አምፔር ተጽፎበት ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ግን ከ1 አምፔር የማያልፍ ሲሆን ነው። እንዲህ ያለው ሲጠየቅ እምቢ ማለት አያውቅም፤ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይሸታል፣ በመጨረሻ ካፓሲተሩ ይነፋል።

ባትሪው እንዴት እንደሚሞላ ማወቅ ብዙ ነገር ስለሚያስረዳ እዚህ ትንሽ እንቆይ። የዛሬ ስልኮች ባትሪ ሊቲየም ነው። መደበኛ ቮልቱ 3.7 ወይም 3.85 ሲሆን ሙሉ ሲሆን 4.2 ይደርሳል፤ አዳዲሶቹ 4.35ም 4.4ም ይደርሳሉ። ባትሪው በጣም ወርዶ ከ3 ቮልት በታች ከሆነ አይሲዋ መጀመሪያ በጣም ትንሽ አምፔር ብቻ እያንጠባጠበች ታነቃዋለች። ሞቶ የሰነበተ ስልክ ተሰክቶ ለ10 እና 20 ደቂቃ ምንም ምልክት የማያሳየው ለዚህ ነው፤ ተበላሽቷል ብላችሁ አትንቀሉት። ከዚያ ሙሉ አምፔር ይገባል፤ ፈጣኑ ክፍል ይህ ነው። ባትሪው የመጨረሻ ቮልቱ ላይ ሲደርስ ቮልቱ እዚያው ይያዝና አምፔሩ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄዳል። የመጨረሻዎቹ 20 በመቶዎች የሚያንቀራፍፉት ቻርጀሩ ደክሞ ወይም ተበላሽቶ ሳይሆን አሠራሩ ስለሆነ ነው። አምፔሩ በጣም ሲያንስ አይሲዋ ራሷ ትዘጋዋለች።

ከዚህ ተነስተን ሰዓቱን ማስላት እንችላለን። 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ፣ ማለትም 5 አምፔር ሰዓት፣ በ3.85 ቮልት ሲባዛ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከቻርጀሩ ከሚወጣው ውስጥ 15 በመቶ ያህሉ በሙቀት ይባክናል እንበል። በ5 ዋት ቻርጀር 5 ሰዓት ገደማ፣ በ10 ዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3፣ በ18 ዋት ደግሞ ወደ 2 ሰዓት ይወስዳል። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ሰዓቱ በግማሽ የማይቀንሰው የመጨረሻው ዘገምተኛ ክፍል ስለማይለወጥ ነው። ይህ ስልኩ አርፎ ሲቀመጥ ነው። ቪዲዮ እያያችሁ ወይም ሆትስፖት ከፍታችሁ በ5 ዋት ቻርጀር ብትሰኩት የገባውን እዚያው ይበላዋል። ቁጥሩ ከ30 አልንቀሳቀስ የሚለው ያኔ ነው።

ስለዚህ ምን ያህል ይግዛ? ከ3000 ሚሊአምፔር ሰዓት በታች ለሆነ የቆየ ስማርት ስልክ 5 ቮልት ከ1 እስከ 2 አምፔር ይበቃዋል። 5000 ለሆነው ቢያንስ 10 ዋት፣ ስልኩ የሚቀበል ከሆነ 18 ዋት። የስልኩን መመሪያ ወይም ካርቶን ላይ «18 ዋት» ወይም «33 ዋት» የሚል ካያችሁ ከዚያ በላይ ያለው ገንዘብ ለዚያ ስልክ ትርፍ ነው። ባለ 18 ዋቱ ስልክ 65 ዋት ብትገዙለትም የሚወስደው 18ቱን ብቻ ነው። ላፕቶፕም ካላችሁ ግን ባለ 65 ዋቱ ሁለቱንም ያገለግላል፤ ያኔ ትርፉ ትርፍ አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያወጣበት ጋ ደረስን፤ ፈጣን ቻርጅ። ፈጣን ቻርጅ ማለት ቻርጀሩና ስልኩ አንድ ቋንቋ ሲናገሩ ነው። ቋንቋው ደግሞ ብዙ ነው። የቺፕ አምራቹ የኳልኮም ኩዊክ ቻርጅ በገመዱ ሁለት የዳታ ሽቦዎች ላይ ትንሽ ቮልት በማሳየት «9 ስጠኝ፣ 12 ስጠኝ» ይላል። የዩኤስቢው ፓወር ዴሊቨሪ፣ ፒዲ የምንለው፣ በታይፕ ሲ ውስጥ ባለች ሌላ ሽቦ ይነጋገርና 5፣ 9፣ 15፣ 20 ቮልት ይስማማል። ፒፒኤስ የሚባለው የፒዲ ክፍል ቮልቱን በ20 ሚሊቮልት እርምጃ ያስተካክላል፤ የሳምሰንግ 25 ዋት የሚፈልገው ይህን ነው። የኦፖ ቩክና የሁዋዌ ሱፐርቻርጅ በሌላ መንገድ ነው የሄዱት፤ ቮልቱን ዝቅ አድርገው አምፔሩን ወደ 4ና 5 ያወጡታል፣ ለዚያም የራሳቸውን ወፍራም ገመድ ይጠይቃሉ።

ቋንቋው ካልገጠመ ሁለቱም ወደሚያውቁት ወደ ተራው 5 ቮልት ይመለሳሉ። የሳምሰንግ ቻርጀር ለቴክኖ ይሆናል ወይ ለሚለው መልሱ ይኸው ነው፦ ይሆናል፤ ፈጣን ላይሆን ይችላል እንጂ አይጎዳውም። ፒዲ ያለው 65 ዋት ቻርጀር ፒፒኤስ ከሌለው በሳምሰንጉ ላይ 25ቱን አያወጣም። አይፎን ከ8 ጀምሮ ፒዲ ይናገራል፤ ባለ 20 ዋት ቻርጀር በግማሽ ሰዓት እስከ 50 በመቶ ያደርሰዋል፤ በተራው ትንሽ ባለ 5 ዋት ግን ቁርስ፣ ምሳ ያልፋል። ሱቅ ስትገቡ «ፈጣን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም ፈጣን ነው ይባላል። «ፒዲ አለው ወይ? ፒፒኤስስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ አውትፑቱን ራሳችሁ አንብቡ። 9 ቮልት የሚል መስመር የሌለበት ቻርጀር ላዩ ላይ «ፈጣን» የሚል ቀይ ስቲከር ስለተለጠፈበት ፒዲ አይሆንም።

ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ግማሽ ወደሚያድረው ስልክ እንመለስ። እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው፤ ባትሪውም ቻርጀሩም ከእሱ በኋላ ይመጣሉ። ገመዱ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያመላልሱት ሁለት ሽቦዎች ናቸው፣ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መመለሻ። ርካሽ ገመድ ውስጥ ያለው ሽቦ 28 ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ውፍረቱ 0.32 ሚሊሜትር ገደማ። የአንድ ሜትር ገመድ መቋቋም፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያግድበት ልክ፣ ደርሶ መልስ 0.43 ኦም ይሆናል። 2 አምፔር ሲያልፍበት 0.85 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከ5 ቮልቱ ስልኩ ጋ የሚደርሰው 4.15 ነው። ስልኩ ይህን ሲያይ አምፔሩን ይቆርጠዋል። በ24 ቁጥር ሽቦ፣ ማለትም ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው፣ የሚጠፋው 0.34 ቮልት ብቻ ነው፤ ስልኩ 4.66 ያገኛል፣ ይስማማዋል። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል፤ ይህ ብዙ ሰው ያሳስተዋል። የገመዱ ውጫዊ ውፍረትም ማስረጃ አይደለም፤ ጎማው ወፍሮ ውስጡ ክር የሆነ ሞልቷል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ኪሳራውም እጥፍ ነው። አልጋ ድረስ የሚደርሰው ባለ 3 ሜትር ገመድ ምቹ ነው፣ ግን ቀጭን ከሆነ ቻርጅ አያደርግም ማለት ይቀላል።

በእንዲህ ያለ ገመድ 300 ሚሊአምፔር ብቻ ቢገባ በ8 ሰዓት 12 ዋት ሰዓት ነው፤ የሚባክነው ሲቀነስ 10። የ5000ው ባትሪ ግማሽ ማለት ነው። ባትሪ ከመቀየራችሁ በፊት ያንኑ ቻርጀር በሌላ አጭር ገመድ ሞክሩት። በተለይ ብዙ ስልክ የሚያልፍበት ሱቅ ላላችሁ ትንሿ የዩኤስቢ መለኪያ በጣም ትጠቅማለች፤ በቻርጀሩና በገመዱ መካከል ትሰካና ቮልቱንና አምፔሩን ታሳያለች። ስልኩ ከ50 በመቶ በታች ሆኖ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ ለኩ። 90 ላይ ሆኖ ብትለኩት አምፔሩ በተፈጥሮው ስለሚቀንስ ጤነኛውን ገመድ ትከስሱታላችሁ።

ገመዱም ቻርጀሩም ጤነኛ ሆነው ካልሠራ የስልኩን ቀዳዳ በባትሪ መብራት እዩት። የኪስ ብናኝ እየተጠቀጠቀ ፒኑ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያደርጋል፤ ያኔ ገመዱን ስትነኩት ይቆራረጣል። ስልኩን አጥፍታችሁ በደረቅ የእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ አውጡት። መርፌና ስፒል አታስገቡ፣ የውስጡን ምላስ ያጣምማል ወይም ሾርት ያደርጋል።

ስለ ታይፕ ሲ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ተራ ባለ ሁለት ጫፍ የታይፕ ሲ ገመድ እስከ 3 አምፔር ነው የሚሸከመው፤ ለ5 አምፔር ውስጡ መለያ ቺፕ ያለው ያስፈልጋል፤ የሳምሰንግ 45 ዋት ይህን ይጠይቃል። ርካሽ የጆሮ ማዳመጫና የእጅ ባትሪ ደግሞ በአሮጌው ሰፊ ዩኤስቢ ቻርጅ እያደረገ ከታይፕ ሲ ወደ ታይፕ ሲ ሲሰካ ዝም ይላል። ዕቃው አልተበላሸም፤ አምራቹ «እኔ ተቀባይ ነኝ» የምትለዋን 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ቆጥቦ ነው። እንዲህ ላለው የድሮውን ሰፊ ዩኤስቢ አስቀምጡለት።

ቻርጀሩ ራሱ አደገኛ የሚሆነው መቼ ነው? ውስጡ ሁለት ሰፈር አለ፤ የ220 ቮልት ሰፈርና የ5 ቮልት ሰፈር። በመካከላቸው ቦርዱ ላይ ብዙ ሚሊሜትር ባዶ ቦታ፣ ትራንስፎርመሩም ውስጥ ደራርቦ የተጠቀለለ መከላከያ ሊኖር ይገባል። ፎርጅዱ ላይ ይህ ክፍተት ከ1 ሚሊሜትር ሊያንስ ይችላል፤ ፊውዝም ላይኖረው ይችላል። እርጥበት ወይም ከፍ ያለ ቮልት ሲመጣ 220ው ወደ ስልኩ ይሻገራል፤ ያኔ የሚጎዳው ስልኩ ብቻ አይደለም፣ የያዘው እጅም ነው። የብረት አካል ያለው ስልክ በጀርባ እጅ ሲዳሰስ የሚሰማ ቀላል መንዘር ባለ ሁለት ፒን በሆነ ጥሩ ቻርጀርም ላይ አለ፤ እሱ አያስፈራም። የሚያስደነግጥ፣ የሚቆነጥጥ ከሆነ ግን ያ ቻርጀር ዳግም አይሰካ። ሲሰካ ስክሪኑ በራሱ የሚነካካ፣ ስትጽፉ ያልነካችሁትን ፊደል የሚያወጣ ከሆነም ቻርጀሩ ሊያጣራው የሚገባውን ረብሻ ወደ ስልኩ እየለቀቀ ነው። ስክሪን ከማስቀየራችሁ በፊት ንቀሉትና እዩ፤ ካቆመ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው። በጣም ቀላል ክብደት፣ ላላ ያለ ፒን፣ የፊደል ስህተት ያለበት ጽሑፍ መጠርጠሪያ ናቸው። የክብደቱን ነገር ግን ብዙ አትመኑት፤ ክብደት ለመጨመር ብረት የሚጣልበት አለና።

ከውጭ አገር የሚላክላችሁ ቻርጀር በቮልት በኩል ችግር የለበትም፣ ኢንፑቱ ከ100 እስከ 240 እስካለ ድረስ። የአሜሪካው መብራት 120 ቮልት ቢሆንም ያው ቻርጀር እዚህ 220 ላይ ይሠራል። «120 ቮልት» ብቻ የሚል የቆየ ዕቃ ግን ከተሰካ በኋላ ዕድሜው ሰኮንድ ነው። የሚቸግረው መሰኪያው ነው። የአሜሪካው ጠፍጣፋ ሁለት ፒን ነው፣ የኤሜሬቶችና የሳዑዲው ደግሞ ወፍራም አራት ማዕዘን ሦስት ፒን። ማስገጣጠሚያው ላላ ካለ ውስጥ ውስጡን ብልጭ ይላል፣ ይግላል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። ከሰካችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ ዳስሱት፤ ማስገጣጠሚያው ከቻርጀሩ በላይ ከጋለ ጣሉት። ስልክ ካርቶኑ ውስጥ ቻርጀር ከሌለውም ተሰርቆ ነው ብላችሁ ሻጩን አትጠርጥሩ። አፕል በ2020 ከአይፎን 12 ጋር፣ ሳምሰንግ ደግሞ በ2021 ከጋላክሲ ኤስ21 ጋር ቻርጀሩን ማውጣት ጀምረዋል፤ ገመድ ብቻ ነው የሚመጣው።

ባለ ቁልፍ ስልክ የያዛችሁ እንዳትረሱ። የኖኪያው ትንሽ ባትሪ፣ ቢኤል 5ሲ የሚባለው፣ 1020 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ለሊቲየም ባትሪ የተለመደው የመሙያ ልክ የአቅሙ ግማሽ ስለሆነ 500 ሚሊአምፔር ይበቃዋል፤ ከቀጭኑ ፒን ጋር ይመጣ የነበረው የኖኪያ ቻርጀር እንዲያውም 5 ቮልት 350 ሚሊአምፔር ብቻ ነበር። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ባትሪውን አውጥታችሁ በመቆንጠጫ ቻርጀር ስትሞሉ ነው። በዚያ ጊዜ የስልኩ አይሲ የለችም፤ የቀረው ባትሪው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ መከላከያ ቦርድ ናት። መቆንጠጫው በትክክል 4.2 ላይ ካልቆመ ባትሪው ይነፋል። መብራቷ ስትቀየር አውጡት፤ ሰክታችሁ አትውጡ፣ አትተኙም። የሞተ ባትሪ ለማንቃት 9 ወይም 12 ቮልት የምትነኩ ጠጋኞችም ይህን ተዉት። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የሰነበተ ባትሪ ውስጡ ያለው መዳብ ሟሙቶ ሾርት መፍጠር ይችላል፤ ቢነቃም የሚነቃው ለአደጋ ነው።

ከቀረቡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን በፍጥነት ልመልስ።

«አዲስ ስልክ መጀመሪያ 8 ሰዓት ቻርጅ ይደረግ ይባላል።» ይህ የድሮው የኒኬል ባትሪ ደንብ ነው። ለሊቲየም አያስፈልግም፤ መቶ ሲሞላ ይነቀል።

«ሰክቶ ማደር ባትሪ ያበላሻል?» አይሲዋ ስለምትዘጋው ከመጠን በላይ አይሞላም። ባትሪውን የሚያስረጀው ሙሉ ሆኖ በሙቀት መቆየቱ ነው። እስከ 80 ወይም 85 በመቶ የሚል ገደብ ስልካችሁ ቅንብር ውስጥ ካለ ማታ ማታ ክፈቱት። ትራስ ስር፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ግን በፍጹም። ሊቲየም ከ45 ዲግሪ በላይ መሞላት አይወድም፤ ወፍራም መሸፈኛ ያለው ስልክ በፈጣን ቻርጅ ላይ ሲግል መሸፈኛውን አውልቁለት።

«ፓወር ባንኩ 10000 ይላል፣ 5000 ስልኬን ሁለቴ አይሞላም።» አይሞላም። 10000 የተጻፈው በ3.7 ቮልት ነው፣ 37 ዋት ሰዓት። ወደ 5 ቮልት ሲወጣ፣ ስልኩ ውስጥም ሲወርድ ይባክናል፤ አንድ ጊዜ ተኩል ካገኛችሁ በቂ ነው። አውሮፕላን ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ ወደ 27000 ሚሊአምፔር ሰዓት ይደርሳል፣ ያውም በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይደለም።

«መብራት ሲወዛወዝስ?» ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ጥዶ አምፖል ሲደበዝዝ ቻርጀሩ ግድ የለውም፤ 150 ቮልትም ይበቃዋል። የሚፈራው ተቃራኒው ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቱ ለጥቂት ቅጽበት ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ማብሪያ ማጥፊያው ሲንቀጫቀጭም ቻርጀሩ ደጋግሞ ይመታል። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና መጀመሪያ ቻርጀሩን ግድግዳው ላይ፣ ቀጥሎ ገመዱን ስልኩ ላይ ሰኩ።